በሴቶች በር በኩል ያለው ግድግዳ

አዲስ አበባ የልጅ ልጄ ዘንድ በሰነበትኩበት ጊዜ ወደ ሙዚየም ይዛኝ ሄደች። ስዕል ማየት ለጤና ይጠቅማል፣ ሐሳብ ያቀልላል፣ እንቅልፍም ይሰጣል ብላ ነው። እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ነፋስ በሩን ቢነካው እነቃለሁ። ይህን ስለምታውቅ አዝናልኝ ነው የወሰደችኝ። ከአንዱ ስዕል ወደ ሌላው እየመራች “እማማ፣ ይሄ ደስ አይልም?” ትለኛለች። “ደስ ይላል” እላታለሁ። እኔ ግን ቀለሙንም ተራራውንም ልብ አላልኩትም። ፊት ባየሁ ቁጥር ስንት ዓይን እንዳለው ነበር የማየው። ከጎን የተሳለ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው ጋ ስደርስ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ልጅቱ አይታኝ “ምነው፣ ምን አሳፈረዎት?” አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አፍሬ ነበር። ለምን እንዳፈርኩ ግን እዚያ ሰው መሐል ቆሜ ልነግራት አልቻልኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ትምህርቴ ትንሽ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከወንድሞቼ ጋር ፊደል ቆጥሬ ዳዊት እስክደግም አስተምረውኛል፤ ከዚያ ተዳርኩ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በየኮረብታው ምሽግ በሚሠራበት ዘመን፣ እኛ ከከተማው ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ፣ ከሮብ ገበያ ወዲህ ባለች መንደር እንኖር ነበር። ባለቤቴ እንደ ብዙው የአገሩ ወንድ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ቤት የቀረነው እኔና ሴት ልጄ ነን። የፊት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አልቆዩልኝም፤ ስለዚህ እሷን እንደ እንቁላል ነበር የምይዛት። እሷ ስታስል እኔ ነበርኩ የምታመመው። ጎረቤቶቼ “አንቺ የተዳፈነ እሳት እንጂ ልጅ የምትጠብቂ አትመስይም” እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ገብስ በሚወቃበት ወራት አንድ ጠዋት አውሮፕላን መጣ። ልጄ አውድማው ዳር ገለባ ላይ ተቀምጣ በሬዎቹን ታያለች። ድምፁን ከሁሉ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ግን እግሬ አልታዘዘኝም። ቦምቡ ከአውድማው በታች ወደቀ። ሰው አልሞተም። ከበሬዎቹ አንዱ ሆዱን ተመትቶ ወደቀ፤ ቶሎም አልሞተም። አንስቻት እስክሸሽ ድረስ ልጄ እሱን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበላ አለች። ያጎረስኳትን ወጥታ ታስመልሰዋለች። ቀን ቀን ከጎተራው ጀርባ ተሸጉጣ ትውላለች። ንግግሯም ሹክሹክታ ሆነ፤ ጮክ ብላ ከተናገረች አውሮፕላኑ የሚሰማት ይመስላት ነበር። እኔም የማላደርገው አልነበረም። በጆሮዋ የበግ ጠጉር ጠቀጠቅኩላት። ፌጦም ነጭ ሽንኩርትም ሞከርኩ። ጠበል ወሰድኳት፤ ውሃው ከላይ ሲወርድባት አውሮፕላን መስሏት እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠችብኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግሜ አልወሰድኳትም። ክንዷን በጣቶቼ እለካ ነበር። አንድ ቀን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ በክንዷ ዙሪያ ገጠሙ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩት የሚመጣ ይመስለኛል።

ክረምት ገባ። ጉሙ ከጮቄ ወርዶ መንደሩን ሸፈነው። አውሮፕላን በጉም አይወጣም ይባል ስለነበር፣ ፍልሰታ ሲገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን ለመሰብሰብ ደፈረ። ጣልያን ቤተ ክርስቲያን ያቃጥላል የሚል ወሬ ስለነበር እኔ ፈርቼ ነበር። ግን ሁሉ ሰው ሄዶ ባዶ መንደር ውስጥ መቅረትንም ፈራሁ። ልጄን አዝዬ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያናችን እንደ አገሩ ልማድ ክብ ናት። በመሐሏ መቅደሱ አለ፤ ስዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በመጋረጃ ተሸፍነው ይኖራሉ። ወንዶች በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ስለሚቆሙ፣ እኛ ሴቶች የምናውቀው የደቡቡን ግድግዳ ብቻ ነበር። የሌላውን ወገን ስዕል ዕድሜ ልካችንን ሳናይ የምንሞት ነን። በእኛ በኩል ያለው የእመቤታችን ታሪክ ነው።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ገበዙ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ ቄስ፣ በበትራቸው ጫፍ መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት። ልጄ ከጀርባዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። ከዚያ ብዙ ወራት ባልሰማሁት ሙሉ ድምፅ፣

“እምዬ፣ ይቺ ማናት?” አለች።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ግን እጄን ወደ ኋላ ልኬ አፏን መያዝ ሆነ።

“እመቤታችን ናት” አልኳት በቀስታ።

“ወዴት ነው የምትሄደው?”

“ልጇን ይዛ እየሸሸች ነው። ወደ ግብፅ።”

“አውሮፕላን መጥቶ ነው?”

ከኋላችን የቆሙት እማሆይ ሳቁ። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ የሚኖሩ፣ ምላሳቸው የሰላ አሮጊት መነኩሴ ናቸው። “አይ ልጄ፣ ያን ጊዜ አውሮፕላን አልነበረም። ክፋቱ ግን ነበረ። ሄሮድስ የሚሉት ንጉሥ ነው ያሳደዳቸው” አሏት።

“ያዛቸው?”

“አልያዛቸውም።”

“አሁን ደኅና ናቸው?”

“ይኸው ቆመሽ እያየሻቸው! ደኅና ናቸው እንጂ” አሉ እማሆይ።

ያን ቀን ቤት ስንገባ ድንች ቀቅዬ ሰጠኋት። በላች። ልጣጩን እንኳ ከእጄ ወስዳ በላች። እኔ ከምድጃው ማዶ ተቀምጬ ወጥታ የምታስመልስበትን ጊዜ ስጠብቅ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ፍልሰታን በሙሉ በየቀኑ ወሰድኳት። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን አልቀረንም። ስዕሉ ፊት ስትቆም ትንፋሿ ሲረጋ በጀርባዬ ይሰማኝ ነበር። አብራቸው የተሰደደችው ሰሎሜ ሕፃኑን በትከሻዋ ተሸክማለች፤ ዮሴፍ ስንቁን በበትሩ አንጠልጥሏል። ልጄ የዮሴፍ ስንቅ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በሶ ነው አልኳት። ቤት ስንገባ በሶ አምሮኛል አለች። በኋላ በኋላ ከጀርባዬ ወርዳ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ነጎድጓድ ሲመታ ከጎተራው ጀርባ መሮጧን ትታ፣ እኔን ቀና ብላ ታየኛለች። የልጅ ልጄ ስዕል ለጤና ይጠቅማል ስትለኝ አልተከራከርኳትም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን ስዕል የሚያይ ሰው ብቻውን አያይም። አጠገቡ የቆመ ሰው የሚነግረው ነገርም አብሮ ይገባበታል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

መንደሩ ዝም አላለኝም። ከጎናችን የምትኖር፣ ወሬ ካልበላች የማታድር ሴት ነበረች። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አግኝታን፣

“አንቺ፣ ለቅዳሴ ነው ወይስ ለስዕል የምትመጪው? ልጅሽን በቀለም ነው እንዴ የምትቀልቢያት?” አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እኔ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። እማሆይ ናቸው የመለሱላት፤ “አንቺስ በሐሜት እየጠገብሽ ስንት ዓመት ኖረሽ የለ? ተያት፣ የእሷ ይሻላል።”

ሴቲቱም ሳቀች፤ እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ጆሮዬ ሲግል ሄድኩ። ሰው እየተገደለ፣ ቤት እየተቃጠለ፣ እኔ ስዕል ለማየት የምመላለስ መባሌ ሐሰት ስላልነበረ ነው። ለባለቤቴ ከምጸልየው ይልቅ መጋረጃው እስኪገለጥ የምጠብቀው ይበልጥ ነበር።

ከስደቱ ስዕል ዝቅ ብሎ የሄሮድስ ወታደሮች ሕፃናትን ሲያርዱ ተስሏል። እኔ ልጄን ከዚያ አሳልፋታለሁ፣ እጄንም በዓይኗ ፊት አደርጋለሁ። ልጅ ግን የተከለከለውን ነው የሚያይ። አንድ ቀን፣

“እምዬ፣ እነዚህ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?” አለችኝ።

መልሱን አውቅ ነበር፤ አባቴ ነግረውኝ ነበር። በማወቄም ደስ አለኝ፣ በዚያ ዘመን የማውቀው ነገር ጥቂት ስለነበረ። “ሰዓሊ ጻድቅን ሲስል ሁለት ዓይኑን አድርጎ፣ ፊት ለፊት እንዲያይሽ አድርጎ ይስለዋል። ክፉን ግን ከጎን ነው የሚስለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ሰይጣንንም፣ ይሁዳንም፣ እነዚህንም” አልኳት። በዚህ ብተወው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት። ያኔ ማን ወዳጅ፣ ማን ባንዳ እንደሆነ የማይታወቅበት ጊዜ ነው። ትናንት አብሮ የበላ ዛሬ ለጣልያን መንገድ ይመራል። እኔ ራሴ ያልቻልኩትን ሰው የመለየት ነገር ለልጄ አቅልዬ ልሰጣት ፈለግኩ። “ክፉ ሰው በዚህ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ካየሽ ወደ እኔ ሩጪ” አልኳት።

እሷም ያዘችው። መንገድ ላይ ሰው ባገኘን ቁጥር ፊቱን አጥብቃ ታይና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ “ሁለት ነው” ትለኛለች። ሁሉም ሁለት ነበረ። ለእሷ አገሩ በጻድቃን የተሞላ ሆነላት፤ ጉንጯ እየሞላ መጣ። አንድ ቀን ከምሽጉ ተልኮ ገብስ የሚያሰባስብ ባንዳ ደጃችን መጣ። ልጄ ቀርባ አየችው፤ ፈገግ አለችለትና “ሁለት ነው!” አለችኝ ጮክ ብላ።

“ምን አለች?” አለ ሰውየው።

“ዶሮዎቹን እየቆጠረች ነው” አልኩ።

ራሷን ዳበሳትና “ጎበዝ” ብሏት ሄደ። እኔ ያቺን ራሷን በውሃ አጠብኳት። ያን ጊዜ እንኳ የነገርኳት ነገር ስሕተት ነው አላልኩም፤ መብላት ስለጀመረችልኝ ላርማት ፈራሁ፤ የሚበላን ልጅ ምን ብዬ ልንካው?

ባለቤቴ የመጣው ከመስቀል በኋላ፣ ሰማዩ ሲከፈት ነው። በጠራራ ቀን፣ እንጨት ተሸክሞ፣ እንደ ማንኛውም ገበሬ። ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ሻሹ እስከ ጉንጩ ወርዷል። ልጄ ደጃፉ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እሱ እንጨቱን ጥሎ ተንበረከከና “ልጄ!” ብሎ ሻሹን ከፊቱ ሳበው። የቀኝ ዓይኑ የለም። ባለበት ቦታ ቀይ፣ ያልደረቀ ቁስል ነበረ።

እኔ ጮኼ ብወድቅ ወይ ብስመው ይሻል ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ልጄ ባቄላውን በትና ወደ እኔ ሮጠች፤ እሱ ግን እኔ አጠገብ ነበረ። ስለዚህ እኔንም አልፋ ከጎተራው ጀርባ ገባች። ጎንበስ ብዬ ሳያት ያ አሮጌው ሹክሹክታዋ ተመልሷል።

“አንድ ነው” አለችኝ።

“ምን አለች?” አለ ባለቤቴ።

“ምንም። ሰው ለምዳ አታውቅም” አልኩ።

መብላት አቆመች። እሱ ቤት ካለ አትወጣም፤ እሱ ሲወጣ ደግሞ ይመለሳል ብላ በሩን ስታይ ትውላለች። “አባትሽ እኮ ነው” እላታለሁ። “አባዬ ሁለት ነበረው” ትለኛለች። “ያ ያልኩሽ ለስዕል ብቻ ነው፤ ሰው ሌላ ነው” አልኳት። “አንቺ ነሽ ያልሽኝ፣ ሰው ብለሽ” አለችኝ። ልክ ናት፤ እኔ ግን ተቆጣኋት፤ ያኔ ጭራሽ መናገር ተወች። ክንዷን መለካት ጀመርኩ።

ጎረቤት እንኳን ለቤትህ አበቃህ እያለ ሲገባ እሱ ልጁን ይጠራታል። እሷ አትመጣም። ሰው ይተያያል። እሱ “ዓይነ አፋር ናት” ይላል እየሳቀ። እኔ ዕቃ እንደፈለግኩ ሆኜ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዱር ሆኖ ያሰበው አንድ ነገር ይችን ልጅ ማቀፍ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ማንም ባይነግረኝ አውቃለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠየቀኝ። ውጭ፣ ማገዶ እየፈለጠ ነበር። “ልጅቱን ምን አድርጌያት ነው?” አለኝ።

ከእግሩ በታች ያለውን ስንጥር እያየሁ ነገርኩት። ስለ ስዕሉ፣ ስለ ወታደሮቹ፣ እኔ ስለጨመርኩት። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለው።

“ጥይቱ ይሻል ነበር” አለ።

ከዚያ ወዲህ እራቱን ደጅ መብላት ጀመረ፤ ልጅቱ እንድትበላ ብሎ። ቁስሉንም ለብቻው፣ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ያጥበዋል። እኔ ውሃ አሙቄ ደጃፉ ላይ አኖርለታለሁ፤ ከዚያ ዞር እላለሁ። እንዴት እንደተመታ አልጠየቅኩትም። እንዳይከፋው ነው ብዬ ለራሴ እናገር ነበር።

ወቅቱ ጽጌ ነበር፤ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ወራት። እሑድ እሑድ የስደቱ ስዕል መጋረጃ ከጠዋት ጀምሮ ይገለጣል። ልጄ የምታገግምበት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ያን እሑድ ስጠብቅ ነበር። እሷም ሰንበት መሆኑን ከደወሉ ስታውቅ ከጎተራው ጀርባ ወጥታ ነጠላዋን ይዛ ቆመች። ሌሊቱን ግን የወር ልማዴ መጥቶብኝ ነበር። በልማዳችን ሴት እንዲህ ስትሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አትገባም፤ ደጅ ቆማ ታስቀድሳለች። እማሆይ ለጽጌ ወደ ዲማ ገዳም ሄደዋል። ያቺን ጎረቤቴን ልጄን ይዘሽልኝ ግቢ ማለት አልሆነልኝም። ከባለቤቴ ጋር በዓይን እንኳ ሳንነጋገር በኖርንበት ሰሞን ይህን ለእሱ መግለጽ ደግሞ ሌላ ሐፍረት ሆነብኝ። አጎንብሼ “እኔ ዛሬ አልገባም” አልኩ። ገባው።

“እኔ እወስዳታለሁ። ከመጣች” አለ።

ልጄ እሱን አየች፣ መንገዱን አየች፣ እኔን አየች። እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው። በመጨረሻ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። እጁን አይደለም። እሱም እጁን አልዘረጋላትም፤ እንዳይነካት ቀስ እያለ ሄደ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ጽዱ ሥር ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆምኩ። ባለቤቴና ልጄ በወንዶቹ በር ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም። ጸሎት አንድ ቃል አልመጣልኝም፤ ልጄ ስትጮህ ለመስማት ጆሮዬን ተክዬ ነበር የቆምኩት። አንዲት አሮጊት “ምነው እግርሽ አላርፍ አለ? ስዕሉ አያመልጥሽም” አሉኝ፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከሁሉ ቀድማ የወጣችው ያቺ ጎረቤቴ ናት። “ባልሽ በሴቶቹ በኩል መጣልሽ! መሐላችን ገብቶ ቆመ! እንዲህ ያለ ተደርጎም አያውቅ!” አለችኝ። ከዚያ ግን እንደ ልማዷ አልሳቀችም። “ሂጂ፣ ጠይቂው” ብላኝ አለፈች።

ጠየቅኩት ማለት አልችልም። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከፊታችን እየቀደመች ስትሄድ፣ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

“በወንዶች በኩል ቆመን ሳለ ጋቢዬን ጎተተችኝ” አለ። “እየጎተተች ዞረች፣ እኔም ተከተልኩ። ምን ላድርግ? ወንዶቹ አጉረመረሙ፤ ገበዙ ‹ተዉት› አሉ። እነዚያ ወታደሮች ፊት አቆመችኝና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ‹አባዬ፣ አንተ ልጅ ገድለሃል?› አለችኝ።”

ከፊታችን የምትሄደውን ልጄን አየሁ።

“ዱር ከገባሁ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም” አለ። “አለቃዬም፣ የንስሐ አባቴም። ‹ልጅ አልገደልኩም፤ የሚዋጉኝን ሰዎች ግን ገድያለሁ› አልኳት። ‹ዓይንህስ?› አለች። ጥይት ድንጋይ መትቶ የድንጋዩ ስባሪ ገባበት አልኳት። ‹አመመህ?› አለች። አመመኝ፣ አሁንም ያመኛል አልኳት። ቀና ብላ ስዕሉን ብዙ አየችው። ከዚያ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹እነሱን አያማቸውም› አለች።”

ሻሹን በእጁ ነካ አደረገ።

“‹አሳየኝ› አለችኝ። ሻሹን ፈትቼ ጎንበስ አልኩላት። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። እሷ ስዕሉን እንደምታይ ቆማ አየችው። በጣቷ ልትነካው ስትል ‹አይ፣ ይቆሽሻል› አልኳት።”

ትንሽ ሄድን። ከዚያ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ መንገዱን እያየሁ ነበር።

“ልጅቱ የሸሸችኝ ያልሻትን ሰምታ ብቻ አይደለም። እኔ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን ቀና ብለሽ አይተሽኛል? እሷ አንቺን ነው የምታየው” አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሐፍረት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አባቴ ስለ ስዕል የነገሩኝ ለስዕል ልክ ነበር። ሰዓሊው የሚስለው ሰው አያመውም፣ አይርበውም፣ ቤቱም አይመጣም። ቤቱ የመጣውን፣ የሚያመውን ሰው ከጎን ብቻ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ልጄ ያን አይታ ነው የሸሸችው።

ቤት ገብተን ውሃ አሞቅኩ፣ ጨው ጨመርኩበት። ደጃፉ ላይ ላኖረው ስል ጣሳውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ “ተቀመጥ፣ እኔ ልጠበው” አልኩት። ቃሉ በግድ ነው የወጣው። ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ልጄ ከጎተራው ጀርባ አልነበረችም፤ ከጎኑ ቆማለች።

ሻሹን ፈታሁ። እርጥቡን ጨርቅ አነሳሁ፤ ጉንጩን ነካሁ፣ ቅንድቡን ነካሁ፣ ቁስሉን ግን አላገኘሁትም።

“ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምታጥቢኝ?” አለ ባለቤቴ። ሳቀ። “ያንዱ ዓይን መጥፋት አይበቃም?”

ዓይኔን ገለጥኩ። ቁስሉ ከላይ ጠቁሯል፤ በአንድ በኩል መግል ይወጣው ነበር፤ ትንሽ ሽታም ነበረው። ለብቻው ሲያጥበው ስንት ቀን ደኅና አድርጎ ሳያጸዳው ቆይቷል ማለት ነው። የግራ ዓይኑ እኔን እያየ ነበር፤ እኔም አየሁት። ፊቱ ከስቷል። ግንባሩ ላይ የማላውቀው ሌላ ጠባሳ አለ። ላዝንለት ሲገባኝ በመጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት ነው፤ ያም ቶሎ አልለቀቀኝም፣ ቁስሉ ደርቆ ከጠገገ በኋላም አልለቀቀኝም።

ጨርቁን ቁስሉ ላይ ሳሳርፍ ጥርሱን ነከሰ። ልጄ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ነከር አድርጋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

“እምዬ፣ ይሄማ ያቃጥለዋል፤ ውሃ ጨምሪበት እንጂ!” አለችኝ፣ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ።